ስማችንን ለማያውቅ ሰው

ሰብለ ወንጌል ልጇን አዝላ ከጣና ሐይቅ ደሴት ከደቅ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ልጁ ሀዲስ ይባላል። ሦስት ዓመት ስለሞላው ለማዘል ይከብዳል፤ እሷ ግን ከጀልባው ወደብ ጀምሮ ሰው በሞላበት መንገድ በእግሩ ልታስኬደው አልፈለገችም። ሁለቱም እግሮቹ ከቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ዞረዋል። መሬት የሚረግጠው በእግሮቹ ጎን ስለሆነ፣ የጎኑ ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል።

ባንቺአየሁ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ባለው «እርምጃ የሕፃናት እግር ክሊኒክ» የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ አንዱን ዓመት ካርድ ስታወጣ ኖራለች። ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ከጠየቀች በኋላ እንደ ልማዷ ቀና ብላ፣ «ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«እግሩ ዞሮብኝ» አለች ሰብለ ወንጌል።

ባንቺአየሁም መዝገቡ ላይ «እግሩ ዞሮብኝ» ብላ ጻፈች።

እንዲህ ያለ እግር ልጁ በተወለደ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ሕክምና ቢጀመርለት በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ ይቃናል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅም ይታከማል፤ ግን ጊዜው ይረዝማል፣ ሥቃዩም ይበዛል። ባንቺአየሁ ይህን ስለምታውቅ ዝም ማለት አልቻለችም።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ፣ እህቴ?»

«ፈልገን ነበር እንጂ። ወንድሜ ስልክ አለው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በስልኩ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። መድኃኒት ቢኖረው ይወጣ ነበር ብለን ተውነው። አሁን ለንግሥ ከከተማ የመጣች አንዲት ሴት አይታው ነው የነገረችን።»

«እኛ እኮ ድረ ገጽ አለን።»

«እንጃ፣ አልመጣለትም።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ ልጅ ብሎ።»

እናትና ልጅ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገቡ ባንቺአየሁ ስልኳን አውጥታ ያንኑ ቃል በቃል ጻፈች። የአንድ ኳስ ተጫዋች ጉዳት ዜና መጣ። የሕልም ፍቺ መጣ። ቅጠል ቀጥቅጦ እግር ላይ ስለማሰር የሚያስተምር ቪዲዮም መጣ። ወደ ታች እየገፋች ሦስተኛው ገጽ ድረስ ወረደች። ክሊኒኩ የለም። ቀጥላ የክሊኒኩን ሙሉ ስም ጻፈች። ወዲያው ከሁሉም በላይ ሆኖ ብቅ አለ።

የሚያገኘን አስቀድሞ ስማችንን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ስማችንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ መንገዱንም ያውቀዋል።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት የክሊኒኩን ኃላፊ ዶክተር ግሩምን በራቸው ላይ ጠብቃ ያየችውን ነገረቻቸው። ዶክተሩ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ግን ገረማቸው።

«ድረ ገጹ እኮ ቆንጆ ነው» አሉ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ነው ያሠራነው። እንግዶች ሁሉ ያደንቁታል።»

«ቆንጆስ ቆንጆ ነው፣ ዶክተር። የሚያደንቀው ግን እርስዎ ያሳዩት ሰው ነው። እኔ እንደ ደቁ ሰው ሆኜ ፈለግሁ፣ አጣሁት።»

ዶክተሩም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይየው አሉ። እንዲህ ነው ሙአዊያ የመጣው።

ሙአዊያ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ቤተሰቦቹ ወረታ ላይ ሩዝ ይነግዳሉ። እሱ ባሕር ዳር ተምሮ እዚሁ ቀረ፤ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ እየሠራ ይኖራል። ካርድ ክፍል ውስጥ ከባንቺአየሁ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሳቅ አመለጠው።

«እትዬ ባንቺ፣ ይሄ አማርኛ ጽሑፍ አይደለም፤ ፎቶ ነው።»

«እንዴት ፎቶ ይሆናል? ይነበባል እኮ።»

«ለአንቺ ይነበባል። ጽሑፉን በሥዕል መልክ ነው የለጠፉት። ጉግል ደግሞ ሥዕል አየሁ ብሎ ያልፈዋል። ለሱ ይሄ ቤት ባዶ ነው።»

ሌላም አገኘ። የሁሉም ገጾች ርዕስ «ዋና ገጽ» ነው። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ላይ ገጹ ሳይከፈት ሰው ይሰለቻል። ካርታው ላይ ደግሞ ክሊኒኩን የሚያሳየው ነጥብ ከዓባይ ማዶ ነበር፤ አንዳንድ ወላጆች ድልድይ ተሻግረው እየጠፉ የሚደውሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ይህን ሁሉ አስተካክላለሁ አለ ሙአዊያ። ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው።

«ሰው ይሄን በሽታ ምን ብሎ ነው የሚጠራው?» ሲል ጠየቀ።

በበሩ የሚያልፉት ዶክተር ግሩም ሰምተው፣ «የትውልድ የእግር መቆልመም» አሉ።

ባንቺአየሁ ዶክተሩ እስኪርቁ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ዘጠኝ ወፋፍራም መዝገቦች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

ስለነዚህ መዝገቦች ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ባንቺአየሁ ሥራ የጀመረችው መራዊ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቷ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ «ዓይኑ ይገለበጥብኛል» አለቻት። ባንቺአየሁ ያን ጊዜ ቀልጣፋ መሆን ትፈልግ ነበር። «የዓይን ሕመም» ብላ ጻፈችና ዓይናቸውን ከታመሙት ሰዎች ተራ ጋር አስቀመጠቻቸው። ልጁ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተንፈራገጠ፤ ለካ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ተረፈ። እሷ ግን የእናትየዋን ቃል አሳምሬ በራሴ ቃል ለወጥሁት የሚለው ነገር ከውስጧ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለውን እንዳለው ነው የምትጽፈው። አለቆቿ ሲተቿት ኖረዋል። አንደኛው እንዲያውም «ይሄ መዝገብ ነው ወይስ የገበያ ወሬ?» ብሏታል። እሷ ግን መጻፏን አልተወችም።

ስሞች የተጻፉበትን ረድፍ በወረቀት ሸፍና ለሙአዊያ ገለጠችለት። አራት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ተቀምጠው አነበቡ። እግሩ የተጠማዘዘ። በጎኑ የሚረግጥ። እግሩ የታጠፈ። የውስጥ እግሩ ወደ ሰማይ የሚያይ። አንድ አባት «እግሮቹ ይተያያሉ» ብሎ ነበር። ከአዊ የመጡ ሰዎች በአዊኛ ያሉትንም እንደሰማችው በፊደል አስፍራዋለች። አንዱን ነገር ሰዎች ከስልሳ በሚበልጥ መንገድ ጠርተውታል፤ «የትውልድ የእግር መቆልመም» ያለ አንድም ሰው ግን አልነበረም።

ሙአዊያ መጻፉን አቁሞ አያት።

«እትዬ፣ ሰው ይሄን ለማግኘት ስንት ገንዘብ ያወጣል መሰለሽ! አባቴ ሩዝ ሲሸጥ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አይጠራም፤ ገዢው በሚጠራበት ስም ነው የሚጠራው። እኔ ይሄን ሥራ ስማር ያሉኝም ይሄንኑ ነበር፤ እንዲህ ተጽፎ የተቀመጠ ግን አይቼ አላውቅም።»

«እኔ እኮ ለዚህ ብዬ አልጻፍሁትም።»

«ለዛ ነው ጥሩ የሆነው።»

ፊደሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። «ሕፃን» የሚለውን ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። ባንቺአየሁ ስልሳውንም አጠራር በየአጻጻፉ እንደረድረው አለች። ሙአዊያ ራሱን ነቀነቀ።

«ቃል ብቻ ከደረደርን ጉግል ሊያታልሉኝ ነው ብሎ ወደ ታች ይጥለናል። ደግሞስ የሚያነበው ሰው ነው። ሰው ለሰው እንደሚያወራው አድርገሽ ጻፊው፤ ቃላቱ ራሳቸው ይገባሉ።»

ጻፈች። ስምንት ጊዜ እየቀደደች እንደገና የጻፈችውን ለዶክተር ግሩም አሳየች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቆልማማ?» አሉ። «ይሄ እኮ ስድብ ነው፣ ባንቺአየሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሰደቡበት ቃል ነው። እኛ ራሳችን እንጻፈው?»

«ልክ ነዎት፣ ዶክተር። ስድብ ነው። ግን ከዚህ ቃል ሌላ ሰምታ የማታውቅ እናት በምን ትፈልገን? እኛ ዘንድ ትድረስና ሌላውን ቃል እኛ እንስጣት።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ግቢው ውስጥ ሁለት እናቶች ጀሷቸው የተፈታ ልጆቻቸውን እግር ያጥቡ ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቃሉ ርዕስ ላይ አይወጣም። ርዕሱ «እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ልጅ ይድናል?» ይሆናል። ውስጡ ላይ «አንዳንድ ሰው ቆልማማ ይለዋል፤ እኛ የዞረ እግር እንላለን፤ ምክንያቱም የዞረ ነገር ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። «ይመለሳል» የምትለዋን የጨመሯት ራሳቸው ዶክተሩ ናቸው።

ገጹ ወጣ። ባንቺአየሁ በማግሥቱ ፈለገችው፤ የለም። በሳምንቱም የለም። ወር አለፈ። ዶክተር ግሩም በኮሪደር ሲያገኟት «እህ፣ ምን ተገኘ?» ማለት ጀመሩ።

የባንቺአየሁ አባት ቆጋ ላይ የመስኖ ማሳ አላቸው፤ ማሳቸው የቦዩ ጫፍ ላይ ነው። ውኃ ተለቀቀ ከተባለ በኋላ እነሱ ዘንድ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። በነዚያ ቀናት ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ቦይ ሲጠርግ ይውላል። ለዶክተሩም ይህንኑ ነገረቻቸው። እነሱም ጠረጉ። ሙአዊያ ፎቶዎቹን አቀለለ፤ የካርታውን ነጥብ ከዓባይ ወዲህ አመጣ፤ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ርዕስና አጭር መግለጫ ሰጠ። ባንቺአየሁ ደግሞ እናቶች ለሚወልዱባቸው ተቋማት ሁሉ ድረ ገጻቸው ላይ የክሊኒኩን አድራሻ እንዲያስቀምጡ ደብዳቤ ጻፈች። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ መለሱ። ሦስትም ሦስት ነው፣ አለ ሙአዊያ፤ ሌላ ሰው ሲመሰክርልህ ጉግል ያምንሃል።

በአምስተኛው ወር ሙአዊያ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ደስታም ግራ መጋባትም ነበር።

«ገጻችን መታየት ጀምሯል። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እንደወጣ እዚህ ተዘርዝሯል። ግን ተመልከቺ፤ እነዚህኞቹ አይተውት አልከፈቱትም።»

ባንቺአየሁ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። እግሩ የዞረ ልጅ እርግማን ነው። እርጉዝ ሴት ግርዶሽ ካየች። ልጄ እግሩ ዞሮ ተወለደ ምን አጠፋሁ። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ለመዝገብ የሚለውን ነበር የሰማችው። በካርድ ክፍል መስኮት በኩል ሰው እግሩን ይናገራል እንጂ ልቡን አይናገርም። ይህ ዝርዝር ላይ ያለው ግን ሰው ብቻውን ሲሆን፣ ማንም በማያየው ጊዜ የሚጠይቀው ነው።

«ለምን አልከፈቱትም?» አለ ሙአዊያ።

«የእኛ ገጽ ስለ ጀሶ ያወራል» አለች። «እነሱ የጠየቁት ሌላ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሰብለ ወንጌል ለክትትል መጣች። ሀዲስ አሥራ አንድ ጊዜ ጀሶ ተቀይሮለት፣ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት በትንሹ ተቆርጦ፣ አሁን በብረት የተያያዘ ጫማ አድርጎ የሚተኛበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ግቢው ውስጥ የቀኝ እግሩን ሞልቶ እየረገጠ ይሄድ ነበር፤ ግራው ገና ትንሽ ወደ ውስጥ ያደላል። ባንቺአየሁ ከመስኮቷ ወጥታ አግዳሚው ላይ ከሰብለ ወንጌል አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሽልኝ። ያኔ ልጁ ሲወለድ ስልኩ በእጅሽ ቢሆን ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?»

ሰብለ ወንጌል የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ወንድሜን እግሩ የዞረ ልጅ ብለህ ጻፍልኝ አልሁት» አለች። «የኔው ሌላ ነበር። በእኔ ጥፋት ነው ወይ ብለህ ጻፍልኝ ልለው ፈልጌ አፈርሁ። የባሌ እናት፣ እርጉዝ ሆነሽ በዓይንሽ ያየሽው ነገር ነው ትለኝ ነበር። ምን እንዳየሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስብ ኖርሁ።»

ባንቺአየሁ እጇን ያዘቻት።

ሁለተኛውን ገጽ በሁለት ቀን ጻፈችው። አጭር ነው። ርዕሱ «ልጄ እግሩ ዞሮ ተወለደ፤ ጥፋቱ የኔ ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያዋ ቃል «አይደለም» ናት። ዶክተር ግሩም አነበቡት፤ እሷ «ምክንያቱ ታውቋል» ብላ የጻፈችውን ሰረዙና «ምክንያቱ በትክክል አይታወቅም» አሉ። «የሚታወቀው እናት በማየት፣ በማዘን ወይም በመርገም የምታመጣው አለመሆኑ ነው። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ የምናውቀውን ያምኑናል።» ባንቺአየሁ በዚህ ተስማማች።

ሰብለ ወንጌል ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች በቀጣዩ ቀጠሮዋ ገጹን ከባንቺአየሁ ስልክ ላይ ራሷ አነበበችው። ጨርሳ ስልኩን አልመለሰችም።

«ይኸን ያለው ማነው?»

«ዶክተሩ ናቸው።»

«በወረቀት ይወጣል? ለባሌ እናት ልውሰድላት። እኔ ብነግራት አትሰማኝም፤ የተጻፈ ከሆነ ቄሱን ታስነብባለች።»

ባንቺአየሁ ሁለት ቅጂ አተመችላት። ጀልባው ላይ ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ድንገት የመጣ አይደለም። ግን በስድስት ወር ውስጥ አንድ ወር ያልሞላቸው ሕፃናት አሥራ ዘጠኝ መጡ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ስድስት ወር አራት ብቻ ነበሩ። «ማን ነገራችሁ?» ሲባሉ ብዙዎቹ ስልካቸውን ያሳያሉ። አንዲት እናት የስምንት ቀን ልጇን ታቅፋ ስትገባ ዶክተር ግሩም ራሳቸው ከክፍላቸው ወጥተው ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆመው አዩ። ለባንቺአየሁ አንገታቸውን ዝቅ አድርገውላት ተመለሱ።

ሁሉም ግን መልካም አልሆነም። ክሊኒኩ የማያክማቸው ሰዎችም መምጣት ጀመሩ። በልጅነት ልምሻ እግሩን የያዘው ሽማግሌ፣ በስኳር ሕመም እግሯ የቆሰለ ሴት። ሩቅ መንገድ ተጉዘው መጥተው «እዚህ አይደለም» መባል ከባድ ነው። ባንቺአየሁ ማን ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያመለክት ሌላ ገጽ ከሙአዊያ ጋር ሠራች፤ ያም ሆኖ አንዳንዱ ሳያነብ ይመጣል። አንድ አባት ደግሞ ከደብረ ታቦር ደውሎ «የልጄን ስድብ ክሊኒክ ድረ ገጽ ላይ አገኘሁት» ብሎ ተቆጣ። እስኪጨርስ ሰማችው። ለምን እንደጻፉት ስትነግረው ስልኩን ዘጋ፤ ገብቶት ይሁን ተናዶ አታውቅም። ዶክተር ግሩም ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም ብላ ያሰበችባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ግን እስካሁን እዚያው አለ።

ሙአዊያ በየወሩ ዝርዝሩን ያመጣላታል። መጀመሪያ የምታየው ምን ያህል ሰው ገጹን እንደከፈተው ሳይሆን ምን ብለው እንደጠየቁ ነው። ባለፈው ወር ከታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ «ባሌ ልጁን አላይም አለኝ እግሩ ስለዞረ»። መዝገብ ቢሆን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይኖረው ነበር። ይህ ምንም የለውም። ደቅ ትሁን ጎንደር፣ ወይም እዚሁ ቀበሌ ውስጥ ያለች፣ አይታወቅም።

«ለዚህ ገጽ አይሠራለትም፣ እትዬ» አለ ሙአዊያ በዝግታ።

ዶክተሩም ይህ የሕክምና ጥያቄ አይደለም አሉ። ባንቺአየሁ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ሁለት ሳምንት ካሰበች በኋላ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንድ መስመር አስጨመረች፤ «ያልመለስነው ጥያቄ ካለሽ ደውይ። ካርድ ክፍል ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልኩ ይነሣል።»

አሁን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይጮኻል። አንዳንዶቹ የአውቶቡስ መናኸሪያ የት እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ደውለው አይናገሩም። የመተንፈስ ድምፅ፣ ከኋላው የዶሮ ወይም የገበያ ድምፅ ይሰማል። ባንቺአየሁ አትዘጋም። መስኮቱ ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው በእጇ አንዴ ትለውና ስልኩን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች።

«አለሁ» ትላለች። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»